ስልኩ የት ያድራል? የልጆችን እንቅልፍ ለማስተካከል ከየት እንጀምር

በአዲስ አበባ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ጠቅላላ ሳይንስ አስተምራለሁ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ በሆነባቸው ቀናት ሌሊቱን ያልተኛውን ልጅ ከደብተሩ እለየዋለሁ። ሦስት አራት መስመር በደህና ይጻፋል፤ ከዚያ ፊደሉ እየተለቀ፣ መስመሩም ወደ ታች እያዘነበለ ይሄድና አንድ ቃል መካከል ላይ ይቆማል። እስክሪብቶው ያረፈበት ቦታ ላይ የቀለም ነጥብ ይቀራል። ጎንበስ ብዬ «ማታ በስንት ሰዓት ተኛህ?» ስለው፣ ምንም ሳይመስለው «በስድስት ሰዓት፣ ቲቸር» ይለኛል። የ13 ዓመት ልጅ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኝቶ ሰርቪስ እንዳያመልጠው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ የሚነሳ ልጅ ለዕድሜው ከሚያስፈልገው ቢያንስ 2 ሰዓት ይጎድለዋል፤ ያውም በየቀኑ።

በወላጆች ስብሰባ ላይ በብዛት የምሰማው ጥያቄ «በቀን ስንት ሰዓት ስልክ ልፍቀድለት?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ከእሱ በፊት፣ ስልኩ ሌሊት የት እንደሚያድር እጠይቃለሁ። ትራስ ሥር ነው ካሉኝ፣ ስለ ሰዓት ገደብ ከመነጋገራችን በፊት የምንሠራው ሥራ አለ። እኔም የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ታላቋ 16 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ደግሞ 9። የምንኖረው ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለሆነ፣ እዚህ የምጽፈው ሰፊ ግቢና የተትረፈረፈ ክፍል ለሌለው ቤተሰብም ይሆናል።

ሒሳቡን ከጠዋት ወደ ማታ ቁጠሩ

የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናት የቀን እንቅልፋቸውን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለባቸው። ወላጆች በብዛት የምንዘናጋው በመጨረሻዎቹ ላይ ነው። ቁመቱ አባቱን የደረሰ ልጅ እንደ አባቱ 6 ሰዓት ተኩል የሚበቃው ይመስለናል። አይበቃውም።

ወረቀት አውጡና ልጁ ጠዋት የሚነሳበትን ሰዓት ጻፉ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ትንሹ ልጄ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ይነሳል። 9 ሰዓት ተኩል እንዲተኛ ከምሽቱ ለ3 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። እንቅልፍ እስኪወስደው ሩብ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት 2 ሰዓት ተኩል ላይ አልጋው ውስጥ መሆን አለበት። ስለዚህ ካርቱኑም ጌሙም 1 ሰዓት ተኩል ላይ ያበቃል። ታላቋም የምትነሳው በዚያው ሰዓት ነው፤ 9 ሰዓት እንድትተኛ በ3 ሰዓት ከሩብ እንቅልፍ ሊወስዳት ይገባል። ስልኳ 2 ሰዓት ላይ ከእጇ ይወጣል።

እራት በ2 ሰዓት ወይም ከዚያ በኋላ በሚበላበት ቤት ይህ ሒሳብ አይወጣም። ያኔ መጀመሪያ መስተካከል ያለበት የእራቱ ሰዓት ነው። አባት ከሥራ የሚገባው አምሽቶ ከሆነ፣ ልጆቹ 1 ሰዓት ላይ ይብሉና እሱ ሲመጣ ከጎኑ ይቀመጡ፤ ያጉርሳቸው፣ ይጫወቱ፤ ከዚያ ይተኙ።

እንቅልፉን የሚወስደው ብርሃኑ ብቻ አይደለም

ከስክሪን ስለሚወጣው ሰማያዊ ብርሃን ብዙ ተብሏል፤ የተባለውም መሠረት አለው። ዓይናችን ውስጥ ነገርን ከማየት ይልቅ ቀንን ከሌሊት ለመለየት የሚያገለግሉ ሕዋሳት አሉ፤ እነዚህ በተለይ ሰማያዊ ብርሃን ቶሎ ይሰማቸዋል። ማታ ደማቅ ብርሃን ሲደርሳቸው «ገና አልመሸም» የሚል መልእክት ለአንጎል ያደርሳሉ፤ አንጎልም ሰውነትን ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ማመንጨቱን ያዘገያል። የልጆች የዓይን ሌንስ የጠራ፣ የዓይናቸው ብሌንም ሰፋ ያለ ስለሆነ የማታ ብርሃን ከእኛ ይልቅ እነሱ ላይ ይበረታል።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አዋቂዎች ከመኝታ በፊት ለ4 ሰዓት ያህል ብርሃን ካለው ታብሌት ላይ እንዲያነቡ አድርጎ ነበር። የወረቀት መጽሐፍ ካነበቡበት ሌሊት ጋር ሲነጻጸር የሜላቶኒናቸው መነሻ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ዘገየ፤ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው የጨመረባቸው ጊዜ ግን 10 ደቂቃ ያህል ነበር። የእኔ ተማሪ ያጣው 2 ሰዓት ነው። ያንን ሁሉ ብርሃኑ አልወሰደበትም። የወሰደበት ቀጥሎ በራሱ የሚከፈተው ቪዲዮ፣ ሊሸነፍ ትንሽ የቀረው ጌም፣ መልስ የሚጠብቀው መልእክት ነው። በ2024 የአሜሪካው ብሔራዊ የእንቅልፍ ፋውንዴሽን ያሰባሰባቸው ባለሙያዎችም፣ ልጆችና ታዳጊዎች ከመኝታ በፊት ስክሪን ላይ የሚያዩት ነገር ይዘቱ ራሱ እንቅልፋቸውን እንደሚጎዳ ተስማምተዋል። ስለዚህ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን ማስተካከያ አብሩት፣ ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን ሥራው አለቀ ብላችሁ አትቀመጡ። ለዚህ ተብሎ ለሚሸጥ መነጽርም ገንዘብ አታውጡ።

በዚያው ዓመት የኒውዚላንዱ ኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ11 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችን ማታ ማታ በካሜራ ተከታትለው ነበር። ከመኝታ በፊት ባሉት 2 ሰዓታት ስክሪን ማየታቸው በእንቅልፋቸው ላይ ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነበር። አልጋ ውስጥ ከገቡ በኋላ የተጠቀሙት ግን እንቅልፋቸውን በግልጽ አሳጠረው፤ ከሁሉም የባሰው ጌም መጫወትና በአንድ ጊዜ ሁለት ስክሪን መያዝ ነበር። ከዚህ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ከ125,000 በላይ ልጆችን ያካተቱ 20 ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ፣ ማታ ስልክ ወይም ታብሌት የሚጠቀሙ ልጆች በቂ እንቅልፍ የማጣት ዕድላቸው እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ሳይነኩት አጠገባቸው የሚያድርላቸው ልጆች እንኳን ከሌለባቸው ይልቅ እንቅልፋቸው ያነሰ ነበር። ስልኩ የት ያድራል እያልኩ የምወተውተው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዳጊዎችን በተመለከተ አንድ ነገር አስተውሉ። በጉርምስና ዕድሜ የሰውነት ሰዓት ወደ ኋላ ይዘገያል፤ ልዩነቱ እስከ 2 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ልጃችሁ በ3 ሰዓት «እንቅልፌ አልመጣም» ቢላችሁ እውነቱን ሊሆን ይችላል። አትቆጡት። ነገር ግን እንቅልፉ እስኪመጣ የሚጠብቀው ስልክ ይዞ ከሆነ፣ በተፈጥሮ የዘገየው እንቅልፍ ጭራሽ ይርቃል።

ለስልኮቹ ማደሪያ አዘጋጁ

ከመኝታ ክፍል ውጭ አንድ ቋሚ ቦታ ምረጡ። በእኛ ቤት ማቀዝቀዣው ላይ ትሪ አለ፤ ማከፋፈያውና ቻርጀሮቹ ሁሉ እዚያ ናቸው። መኝታ ክፍሎቹ ውስጥ አንድም ቻርጀር የለም፤ ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም ሥራውን ግማሽ በግማሽ ያቀለዋል፤ ባትሪ ያለቀበት ስልክ በራሱ ወደ ሳሎን ይመጣልና። የእኔም የባለቤቴም ስልክ እዚያው ያድራል። የእናንተ ስልክ ትራስ ሥር እያደረ የልጁን ብትሰበስቡ፣ የ9 ዓመቱ ዝም ይላል፤ የ16 ዓመቷ ግን ትጠይቃለች፤ መልስም አይኖራችሁም። ሌሊት የሚደወልለት ሰው ካለ፣ ለምሳሌ ተረኛ የጤና ባለሙያ ወይም የታመመ ወላጅ ያለው፣ ስልኩ ሳሎን ሆኖ ድምፁ ይከፈት፤ ይሰማል።

የመጀመሪያው ሳምንት ክርክር አለው። እኔና ልጄ እንዲህ ተባብለናል፦

«እማዬ፣ ጓደኞቼ እኮ የሚጽፉልኝ ገና አሁን ነው።»

«እስከ 2 ሰዓት ጻፊላቸው። የቀረውን ጠዋት ታነቢዋለሽ።»

«ካልመለስኩላቸው ይቀየሙኛል።»

«እናቴ 2 ሰዓት ላይ ስልክ ትሰበስባለች በያቸው። በእኔ አሳብቢ።»

ይህች የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ብዙ ትሠራለች። ታዳጊዋን የሚያስጨንቃት ስልኩን ማጣቷ ሳይሆን ጓደኞቿ ፊት የምትሰጠው ምክንያት ነው። ምክንያቱን እናንተ ስጧት። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ከሁለት ሦስት ጓደኞቿ እናቶች ጋር በአንድ ሰዓት ተስማሙ፤ ቡድኑ ዝም ካለ የሚያመልጣት ነገር አይኖርም።

ሌሎች ምክንያቶችም ይቀርቡላችኋል። ማንቂያ ደወሉ ስልኩ ላይ ነው ይባላል፤ በባትሪ የሚሠራ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙ። መዝሙር ወይም መንዙማ እየሰማሁ ነው የምተኛው ይባላል፤ ትንሽ ሬዲዮ ወይም ሳሎን ሆኖ ዝቅ ብሎ የሚሰማ ድምፅ ይበቃል። «የሌሊቱ ጥቅል ርካሽ ስለሆነ የማወርደው ሌሊት ነው» የሚለው ግን በእኛ አገር እውነተኛ ምክንያት ስለሆነ መፍትሔ ይፈልጋል። ልጁ የቀን ጥቅል መግዛት ስለማይችል ሌሊት ይነቃል። እኔ የማደርገው፣ በወር ለስልኳ የማወጣውን ገንዘብ በቀን ጥቅል መልክ መስጠት ነው፤ መጠኑ ያንሳል፣ ግን እንቅልፏን አትሸጥበትም።

የቤት ሥራስ? ይህ ላይ ሆዴ ይቃጠላል። ልጄ ከዚህ በፊት በተማረችበት ትምህርት ቤት የቤት ሥራ በቴሌግራም ቡድን የሚላከው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነበር፤ ለጠዋት ደግሞ ይፈለጋል። ያንን ለማየት ስልኩ ይከፈታል፤ ተከፍቶ ግን እዚያ ላይ አይቆምም። መምህር እንደመሆኔ ለሙያ አጋሮቼ በግልጽ እላለሁ፤ የቤት ሥራ በክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፣ በቴሌግራም ከተላከም ከ12 ሰዓት በፊት ይላክ። ወላጆችም ይህን በስብሰባ ላይ ጠይቁ። አንድ ወላጅ ሲጠይቅ እንደ ቅሬታ ይታያል፤ አሥር ሲጠይቁ ይለወጣል።

እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ሲያመሽ የኖረን ልጅ በአንድ ሌሊት በ3 ሰዓት አታስተኙትም። የመኝታ ሰዓቱን በየሁለት ሦስት ቀኑ በሩብ ሰዓት ቀደም አድርጉለት። ጌም የሚጫወት ከሆነ «አሁን አጥፋ» ከማለት ይልቅ 20 ደቂቃ ሲቀር ንገሩትና የያዘውን ዙር ይጨርስ፤ ጨዋታን መካከል ላይ ማቋረጥ ጉርሻ ከአፍ እንደ መንጠቅ ነው፣ ከጌሙ በላይ ንዴቱ እንቅልፍ ይነሳዋል። ስልኩ በወጣበት ሰዓት ምትክ ነገር ይኑር። የነገን ዩኒፎርም ማዘጋጀት፣ እግር መታጠብ፣ የወረቀት መጽሐፍ፣ የአያት ተረት። የእኔ ትንሹ ከአያቱ ጎን ተኝቶ ተረት እየሰማ ነው የሚያንቀላፋው፤ እንቆቅልሽ ከሆነ ግን አይተኛም፣ መልሱን ካላገኘ አይለቃትም።

ሳሎን ውስጥ የሚተኛ ልጅ

በብዙ ቤታችን አንዱ ልጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ፣ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ወይም ፍራሽ ተነጥፎለት ይተኛል። ቴሌቪዥኑም ያለው እዚያው ነው። ቤተሰቡ ተከታታይ ድራማውን እስኪጨርስ ልጁ አይተኛም፤ ሲጨርሱ 4 ሰዓት ሆኗል። ይህ ልጅ ስልክ ባይኖረውም እንቅልፍ የለውም፤ ስለ ስክሪንና እንቅልፍ ሲወራ ደግሞ የሚያስታውሰው የለም።

ከእነዚህ አንዱን ሞክሩ። ቴሌቪዥኑን ወደ ወላጆች መኝታ ክፍል አዛውሩት፤ እኔ በመሠረቱ ቴሌቪዥን መኝታ ክፍል ውስጥ መኖሩን አልደግፍም፣ በጠባብ ቤት ግን ለልጁ ይሻላል። ወይም ልጁ በወላጆች አልጋ ላይ ይተኛና በኋላ ወደ ቦታው ይወሰድ፤ ይህ ለትንንሾቹ ይሠራል፣ እንደ ነቁ የሚቀሩም አሉ። ወይም ቤተሰቡ በሙሉ የትምህርት ቀናት ማታ ቴሌቪዥኑን 2 ሰዓት ተኩል ላይ ያጥፋና ድራማውን ቅዳሜ በድጋሚው ይመልከት። ሦስተኛው ከባድ ነው፤ ከሁሉም የሚሻለውም እሱ ነው።

የእግር ኳሱን ነገር ዝም ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ። የአውሮፓ ቻምፒየንስ ሊግ ዋና ጨዋታዎች በእኛ ሰዓት የሚጀምሩት ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ በአውሮፓ ክረምት ደግሞ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ያውም ማክሰኞና ረቡዕ። የ5 ሰዓቱ ሲያልቅ 7 ሰዓት ይሆናል፤ ደስታው ወይም ቁጭቱ እስኪበርድ ደግሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት። በማግስቱ ጠዋት ክፍሌ ውስጥ የሚያዛጉ ተማሪዎች አሉኝ። ለልጃችሁ የፍጻሜውን ጨዋታ ፍቀዱለት፤ እሱ ቅዳሜ ነው። የሌላውን ጠዋት ቁርስ ላይ ጎሎቹን አብራችሁ እዩለት።

ለትንንሾቹ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ 2 ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየትን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። በተግባር የምለምናችሁ ግን፣ ሕፃኑ ካርቱን እያየ እንቅልፍ እንዲወስደው አታልምዱት። የለመደው እንደሆነ ሌሊት በነቃ ቁጥር፣ ሕፃን ደግሞ መንቃቱ አይቀርም፣ ተመልሶ የሚተኛው ስልክ ሲሰጠው ብቻ ይሆናል። ጀርባውን መታ መታ እያደረጋችሁ እሹሩሩ በሉት። ሠራተኛ ወይም ሞግዚት ካለች ይህን ለእሷም በደንብ አስረዷት፤ ሸክሙ የሚበዛው እሷ ላይ ስለሆነ ከልጁ ጋር የምትጫወትበት ጊዜ ከሌላ ሥራ ቀንሱላት።

ስለ ቀሪው በአጭሩ

ስልኩ ላይ ያሉትን መቆጣጠሪያዎች ተጠቀሙባቸው። በአንድሮይድ ፋሚሊ ሊንክ፣ በአይፎን ደግሞ ስክሪን ታይም የሚባለው ማታ ስልኩን በራሱ ይቆልፋል። ዩቲዩብ ላይ ቀጣዩን ቪዲዮ በራሱ የሚያጫውተውን አጥፉት። ታዳጊዎች የይለፍ ቃል ይደርሱበታልና ከትሪው አይበልጥም።

ጠዋት መጋረጃ ክፈቱ። የጠዋት ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ወደ ፊት ያመጣል፤ በዚህ ረገድ ዕድለኞች ነን፣ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስቶክሆልም ያለችው እህቴ ልጆቿን በታኅሣሥ ትምህርት ቤት የምታደርሳቸው ገና ሳይነጋ ነው። ቅዳሜና እሑድም ከትምህርት ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አርፍደው አይነሱ፤ እሑድ እስከ 5 ሰዓት የተኛ ልጅ ማታ በ3 ሰዓት እንቅልፍ ቢያጣ አይገርምም። ከ10 ሰዓት በኋላ ቡና፣ ሻይና ኮካ ይቅርባቸው።

የአሜሪካ ስልክም አለ። ዋሽንግተን ያለ አጎት ከሥራ ሲወጣ እነሱ ዘንድ 11 ሰዓት፣ እኛ ዘንድ ሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ነው። «ልጆቹን ቀስቅሺልኝ፣ ልያቸው» ሲል ናፍቆቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን በቪዲዮ ለማውራት የተቀሰቀሰ ልጅ ተመልሶ ለመተኛት ይቸገራል። ቅዳሜ ጠዋት እነሱ ቁርስ ሲበሉ እኛ ዘንድ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው፤ ቀጠሮውን ለዚያ አድርጉት።

ስልኩ ወጥቶም ካልተኛ

ይህን ሁሉ ሦስት አራት ሳምንት በትጋት አድርጋችሁ ልጁ አሁንም ቀን ቀን የሚያንቀላፋ ከሆነ፣ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስልኩ ላይ የሚያስፈራራው ወይም የሚያሾፍበት ሰው ካለ ስልኩ ሳሎን ቢያድርም ፍርሃቱ አብሮት ይተኛል፤ ስለዚህ ሳትቆጡ ጠይቁት፣ ስትጠይቁትም «ስልክህን አልወስድብህም» ብላችሁ ጀምሩ፤ ልጆች የሚደብቁን ይህን ፈርተው ነው። በየሌሊቱ ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ ወይም ትንፋሹ ለአፍታ ቆም እያለ የሚቀጥል ልጅ ደግሞ የቶንሲል ወይም የአፍንጫ ችግር ሊኖርበት ስለሚችል ለሕፃናት ሐኪም ወይም ለአንገት በላይ ሐኪም መታየት አለበት። ከመሄዳችሁ በፊት፣ ልጁ ከባድ እንቅልፍ ላይ እያለ አተነፋፈሱን አንድ ሁለት ደቂቃ በራሳችሁ ስልክ ቅረጹ። ሐኪሙ ዘንድ ልጁ ነቅቶ ስለሚቀርብ ያ ቪዲዮ ለምርመራው ይረዳል።